በቀቀኖችን በአንድ ቤት ማኖር፦ በአዲስ አበባ ዳርቻ

በቀቀኖችን አብሮ ማኖር ማለት በየጠባብ ኬጁ ከመለያየት ይልቅ፣ ሰው ቆሞ በሚገባበት ሰፊ የሽቦ ቤት ውስጥ እንደ ልብ እንዲበሩ ማድረግ ነው። ግቢ ይፈልጋል። ስለዚህ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ ወይም ቡራዩ ትንሽ ጓሮ ላለው ሰው ከኮንዶሚኒየም ነዋሪ ይልቅ ይቀናዋል።

አገሩ ለበቀቀን እንግዳ አይደለም። እንጦጦ ላይ ከጥድ ወደ ጥድ እየተንጫጫች የምትበረው ክንፈ ጥቁሯ ላቭበርድ (ጅራተ አጭር ትንሽ በቀቀን) ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በቀር በዱር የትም አትገኝም። ለሳይንስ የተመዘገበችው እ.ኤ.አ. በ1814 ነው። ስሟንም ያገኘችው ከቀይ ባሕር ዳርቻ ወደ ደጋው ከሚያወጣው የታራንታ ዳገት ነው። ወንዱ ግንባሩ ቀይ ነው፤ ሴቷ ሙሉ በሙሉ አረንጓዴ ናት። ከዘጠኙ የላቭበርድ ዝርያዎች በአካል ትልቋ እሷ ናት። የጥድ ፍሬና ሾላ ትበላለች፤ ሌሊቱን በዛፍ ሽንቁር ተጠልላ ታድራለች። ግንባረ ቢጫው በቀቀን ደግሞ የእኛው ብቻ ነው፤ ከኢትዮጵያ ውጭ የለም። እነዚህ የዱር ናቸው። በአገሪቱ የዱር እንስሳት ሕግ መሠረት ያለ ፈቃድ ማጥመድ ክልክል ነው። ባይከለከልም ነጻ ሆነው ሲበሩ ማየት ይበልጣል።

በግቢ የሚረቡት ሌሎች ናቸው። ትንሿ በቀቀን ባጂና ጉትዬ ያለው ኮካቲል አገራቸው አውስትራሊያ ነው፤ ፊተ ሮዟ ላቭበርድ ደግሞ የደቡብ ምዕራብ አፍሪካ ናት።

ባጂና ኮካቲል ብዙውን ጊዜ ይስማማሉ። ላቭበርድ ግን ነገረኛ ናት። ጎጆዬ ብላ የያዘችውን ጥግ ለማንም አታስነካም፤ የጎረቤቷን እግር ነክሳ ጣት እስከ መቁረጥ ትደርሳለች። ቤቱ ሰፊ ከሆነ አብረው ይኖራሉ የሚሉ አሉ፤ ይሆን ይሆናል። ለይቶ ማኖር ግን ያለ ጥርጥር ይሻላል። የመጋቢያ ሳህኑ ከጥንዶቹ ቁጥር ይብለጥ። ከፍ ያለውን ቦታ ለመያዝ ስለሚጣሉ ቆጡ በእኩል ከፍታ ይሠራ። ለቆጥ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ጥሩ ነው፤ ልጡን እያኘኩ ይውላሉ።

እዚህ ትልቁ ፈተና ብርድ ነው። ሱሉልታ ከ2,500 ሜትር በላይ ነች፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሌሊቱ ውርጭ ይጥላል። ነፋሱ የሚመጣበት ጎን በግድግዳ ይዘጋ፤ ማደሪያው ደረቅ ይሁን። ሽቦው ሸለምጥማጥና አይጥ የማያስገባ ጠባብ መሆን አለበት። አዲስ የገሊላ (ጋልቫናይዝድ) ሽቦ ወፎቹን ሊመርዝ የሚችል ዚንክ ስላለው በኮምጣጤ ፈትጎ ማጠብ ያስፈልጋል። በሩ ድርብ ካልሆነ አንድ ቀን አንዷ ታመልጣለች።

አዲስ ወፍ ሲመጣ ቢያንስ 30 ቀን ለብቻው ይቆይ። ጤነኛ የሚመስል ወፍ በሽታ ይዞ ሊገባ ይችላል፤ የበቀቀን ትኩሳት ወደ ሰውም ይተላለፋል። በችኮላ መቀላቀል የቆጡን አወርድ ብሎ የብብትን መጣል ነው።

ማሽላ፣ ዳጉሳና ኑግ ይወዳሉ። ኑጋችን አሜሪካ ድረስ ለወፍ መኖ የሚላክ ነው። ግን ቅባት ስለሚበዛበት በጥቂቱ ይሰጥ፤ ጎመንና ካሮት ይጨመር። አቮካዶ በፍጹም አይሰጥም፤ ይገድላል። የከሰልና የዕጣን ጢስም ሳንባቸውን ይጎዳል፤ ስለዚህ ቤቱ ከማዕድ ቤት ራቅ ይበል።

ጣሪያው ሽቦ ብቻ እንዳይሆን። የዱር ወፎች የታጎሩት ሲጮኹ ሰምተው ይመጡና ላዩ ላይ ያርፋሉ፤ ኩሳቸው ወደ ውስጥ ሲወድቅ በሽታ ያስገባል። በማደሪያውና በመጋቢያው በኩል ቆርቆሮ ይልበስ።