ንስሐ ምንድን ነው?

"አባ፣ ይፍቱኝ።"

ይህን ቃል እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ምእመኑ ጎንበስ ይላል፣ ካህኑ መስቀሉን ግንባሩ ላይ አሳርፈው "እግዚአብሔር ይፍታህ" ይላሉ። ልጅ ሆኜ ሰላምታ ይመስለኝ ነበር። ቃሉን ልብ ያልኩት ቆይቼ ነው። ፍቱኝ የሚለው የታሰረ ሰው ነዋ! ንስሐ ምንድን ነው ብሎ ለሚጠይቀኝ ከዚህ ነው የምጀምርለት።

ቃሉ ከግእዝ የመጣ ነው። "ነስሐ" ማለት ተጸጸተ ማለት ነው። ግን ጸጸት ብቻውን ሰውን አይፈታም። ይሁዳም እኮ ተጸጽቷል። 30ውን ብር መልሶ፣ ንጹሕ ደም አሳልፎ መስጠቱን በአፉ ተናግሯል። ጴጥሮስም ሦስት ጊዜ ከካደ በኋላ ወጥቶ ምርር ብሎ አልቅሷል። ሁለቱም አዝነዋል። ይሁዳ ግን ሐዘኑን ይዞ ብቻውን ሄደና ታነቀ። ጴጥሮስ ከትንሣኤ በኋላ ጌታን ባሕሩ ዳር ሲያየው ጀልባው እስኪደርስ እንኳ አልጠበቀም። ልብሱን ታጥቆ ባሕሩ ውስጥ ዘለለ፣ ወደ እሱ። እኔ ንስሐን ሳስብ ያ ዝላይ ነው የሚታየኝ።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ንስሐ ከሰባቱ ምስጢራት አንዱ ነው። ሰው የንስሐ አባት ይይዛል፣ ኃጢአቱን ይናዘዛል፣ አባ ቀኖና ይሰጡታል። ጾም ሊሆን ይችላል፣ ስግደት ወይም ምጽዋት። ከዚያ ይፈታል፤ ወደ ሥጋ ወደሙ ይቀርባል። ወንጌላውያን ወገኖቻችን ኃጢአታቸውን በቀጥታ ለእግዚአብሔር ይናዘዛሉ። መንገዱ ላይ እንለያይ እንጂ፣ ይቅር የሚለው እሱ እንደሆነ ሁላችንም እናምናለን።

አንድ ጊዜ ከብዙ ዓመት በኋላ ንስሐ ልገባ ሄድኩ። ከዛፍ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠን የሻርኩትን ጾም፣ ሐሜቴን፣ ንዴቴን ዘረዘርኩ። አባ ዝም ብለው ሰሙኝና "የሰው ገንዘብ እጅህ ላይ አለ ወይ ልጄ?" አሉኝ። ክው አልኩ። ከጓደኛዬ የተበደርኩት 3,000 ብር ነበር። ሁለት ዓመት ሆኖታል፣ ሲደውልልኝም አላነሳም ነበር። ከዝርዝሬ ውስጥ አላስገባሁትም።

"በል እሱን ሰጥተህ ና። ስለ ቀኖናው ያኔ እናወራለን።"

ቅር አለኝ። ለስግደት ነበር የተዘጋጀሁት። ስግደት ይሻለኝ ነበር፣ እውነቴን ነው።

በኋላ የዘኬዎስን ታሪክ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 19 ላይ ደግሜ አነበብኩ። ሰውየው የቀራጮች አለቃ ነው፤ ሀብታም ነው። የበደልኩትን አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ። ጌታም "ዛሬ ለዚህ ቤት መዳን ሆኖለታል" አለ። እዚህ ጋ አንድ ነገር እንዳያመልጣችሁ። ጌታ "ቤትህ ልውል ይገባኛል" ያለው ዘኬዎስ ገና ዛፍ ላይ ሳለ ነው። አንዲት ሳንቲም አልመለሰም። መጀመሪያ ምሕረቱ ወደ ቤቱ መጣ፣ ከዚያ እጁ ተፈታ። ቀኖናም እንዲሁ ነው። የኃጢአት ዋጋ መክፈያ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ዋጋውማ በመስቀል ላይ ተከፍሏል። ቀኖና ለቁስል የሚታዘዝ መድኃኒት ነው።

አማርኛችን ይህን ቀድሞ ያውቀዋል። ከወባ የተነሣውንም "ዳነ" እንላለን፤ ነፍሱ የተረፈችለትንም "ዳነ" እንላለን። መድኃኒት የምንለውም ከዚሁ ሥር የወጣ ነው። መድኃኔዓለም ስንል የዓለም አዳኝ ማለታችን ነው። የተስፋው ቃልም ይኸው ነው፤ የተመለሰ ሰው ይድናል።

መቼ? ብዙዎቻችን "ሳረጅ" እንላለን። ቅዳሜና እሑድ ቤተ ክርስቲያን ብትሄዱ ታዩታላችሁ፤ ወጣቱ ቆሞ ያስቀድሳል፣ ለመቁረብ የሚሰለፉት ግን ሕፃናትና አረጋውያን ይበዛሉ። በቀኙ የተሰቀለው ወንበዴም እስከ መጨረሻው ሰዓት ቆይቶ የለ? ይላል አንዳንዱ። አዎ፣ ቆይቷል። ግን እሱ አልቀጠረም። ጌታን ባገኘበት በዚያው ሰዓት ነው "አስበኝ" ያለው። የተሰጠው መልስም ዛሬ የሚል ነው፦ "ዛሬ ከእኔ ጋር በገነት ትሆናለህ።" ለዘኬዎስም ዛሬ፣ ለወንበዴውም ዛሬ።

ገንዘቡን ለጓደኛዬ ይዤለት ሄድኩ። ቆጥሮም አላየው፤ "ጠፋህ እኮ" አለኝና ቡና አስፈላልኝ። አባ ጋ ተመለስኩ። ለ7 ቀን 41 ስግደት አዘዙኝ።

ከዚያ በኋላ ባለው እሑድ ቅዳሴው ላይ "ተዘከረነ እግዚኦ በውስተ መንግሥትከ" ተባለ፤ በቀኙ ወንበዴ ልመና፣ አቤቱ በመንግሥትህ አስበን። ለስንት ዓመት በአፌ ብቻ ያልኩት ነው። ነጠላዬን አስተካክዬ፣ አንዲት ሕፃን ካቀፈ አባት ኋላ ተሰለፍኩ።