ከኢትዮጵያ የጦር ግምጃ ቤት የወጡ የጥንት ጠመንጃዎች፦ ታሪካቸው፣ አሰባሰባቸውና አተኳኮሳቸው

ስናድር፣ ውጅግራ፣ ወጨፎ፣ አልቤን፣ ምንሽር፣ በልጅግ። እነዚህ ስሞች በፉከራና በቀረርቶ ከጀግኖች ስም ጋር አብረው ይጠራሉ። ጠመንጃዎቹ ግን ዛሬ የሚገኙት በአያቶቻችን ልጆች እጅ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2010ሮቹ መጨረሻ ጀምሮ ከኢትዮጵያ የመንግሥት መጋዘኖች በብዛት ተሸጠው አሜሪካ ስለገቡ፣ የጥንት ጠመንጃ ሰብሳቢዎችና ተኳሾች ዘንድ ራሱን የቻለ ዘርፍ ሆነዋል።

ከኋላ የሚጎርሰው ጠመንጃ በኢትዮጵያ ምድር ጎልቶ የታየው በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጦር ስናይደር፣ በእኛ አጠራር ስናድር፣ ይዞ መቅደላ ላይ ሲዘምት ነው። እንግሊዞች ሲመለሱ መድፍና ጠመንጃ ለደጃዝማች ካሣ ምርጫ ሰጡ፤ ካሣም በኋላ አፄ ዮሐንስ አራተኛ ተባሉ። በ1868 ዓ.ም. ጉንደትና ጉራ ላይ የግብፅ ጦር ሲደመሰስ ደግሞ ግብፆች የታጠቁት ሬሚንግተን የተባለው ጠመንጃ በብዙ ሺህ ተማረከ።

የምኒልክ ዘመን ከሁሉም በተሻለ ተመዝግቦ ይገኛል። ንጉሥ ምኒልክ ገና ሸዋን ሲገዙ ከጣሊያንም ከፈረንሳይም ነጋዴ ጠመንጃ ይገዙ ነበር። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ በ1879 ዓ.ም. ከጅቡቲዋ ታጁራ ተነስቶ በአንኮበር በኩል እንጦጦ የደረሰው ጠመንጃ በግመል ጭኖ ነው። ንጉሡም ዋጋውን በብልሃት አስቀንሰው ገዝተውታል። የዘመኑ ዋና ጠመንጃ እ.ኤ.አ. የ1874ቱ የፈረንሳይ ግራ፣ በእኛ አጠራር ውጅግራ ነበር፤ አፈሙዙ 11 ሚሊ ሜትር፣ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ፣ በጥቁር ባሩድ የሚሠራ፣ ክብደቱ ከ4 ኪሎ ትንሽ የሚበልጥ። ጥይቱ በገበያ እንደ ገንዘብ ያገለግል ነበር፤ ባዶ ቀለሁም አይጣልም፣ ባሩድና እርሳስ እየተሞላ እንደገና ይተኮሳል። ከሩሲያ በርዳን የተባለው ጠመንጃ መምጣቱም የታወቀ ነው፤ በሩሲያዊው መኮንን በካፒቴን ሌዮንቴቭ በኩል የመጣው 30 ሺህ ይደርሳል የሚሉ አሉ፣ ይህ ቁጥር ግን ያከራክራል።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ የተሰለፈውን ባለ ጠመንጃ አንዳንዱ 70 ሺህ፣ አንዳንዱ 100 ሺህ ያደርሰዋል። የማያከራክረው በማዶ የነበረው መሣሪያ ነው። ጣሊያን እ.ኤ.አ. የ1891ዱን ካርካኖ ጠመንጃ ቀድማ ብትቀበልም፣ ያን ቀን አብዛኛው ወታደሯ የያዘው አሮጌውን ቬተርሊ ነበር፤ በካዝናው 4 ጥይት ይይዛል፣ እሱም በጥቁር ባሩድ ዘመን የተሠራ ነው። ስለዚህ ውጅግራ የያዘው የኢትዮጵያ ወታደር ከፊቱ ካለው ጠላት በጠመንጃ ያን ያህል አያንስም ነበር። ድሉን ለጦርና ለጎራዴ ብቻ የሚሰጠው አተራረክ ምኒልክ ዓመታት የለፉበትን ዝግጅት ያሳንሳል። ከድሉ በኋላ 11 ሺህ ያህል ጠመንጃ እንደተማረከ ይነገራል።

ራስ ተፈሪ፣ በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ ከቤልጅግ ኤፍ ኤን ፋብሪካ 7.92 ሚሊ ሜትር ማውዘር ጠመንጃ አስመጡ፤ በልጅግ የሚባለው ይህ ነው። የክብር ዘበኛም በቤልጅግ መኮንኖች ሠለጠነ። በወረራው ዋዜማ ኃያላኑ መንግሥታት የመሣሪያ ሽያጭ ሲከለክሉን፣ ጀርመን ምልክታቸው የተፋቀ ማውዘሮችን በስውር መላኳን ብዙ ጸሐፊዎች መዝግበዋል። አርበኞች በአምስቱ ዓመት ከጠላት የነጠቁት ካርካኖም ከዚሁ ክምችት ጋር ተቀላቅሏል። ከ1933 በኋላ የእንግሊዝ ሊ ኤንፊልድ፣ ቀጥሎም የአሜሪካ ጋራንድ መጡ።

ሰብሳቢዎች ከኢትዮጵያ የወጣውን ጠመንጃ በጥገናው ይለዩታል፦ ሰደፉ ተሰንጥቆ በጠፍር የታሰረ፣ በቆርቆሮና በምስማር የተጠገነ፣ የሌላ ጠመንጃ ብሎን የተገጠመለት። አንዳንድ ገዢ ይህን እንደ ጉድለት ቆጥሮ ሰደፉን ይልገውና በአዲስ ቀለም ያሳምረዋል። ያ ጠፍር ግን የአገር ባለሙያ የእጅ ሥራ ነው፤ ከተነሳ ጠመንጃው ከማንኛውም የአውሮፓ ጠመንጃ አይለይም። ሞዓ አንበሳ የተቀረጸበት ማውዘር በተለይ ይፈለጋል። በአሜሪካ ሕግ እ.ኤ.አ. ከ1899 በፊት የተሠራ ጠመንጃ እንደ ቅርስ ስለሚታይ፣ ውጅግራና በርዳን ከዘመናዊው መሣሪያ ቀለል ባለ ሥርዓት ይሸጣሉ።

መተኮሱ ጥንቃቄ ይጠይቃል። የብዙዎቹ በርሜል በዝገት ተበልቷል፣ መቀርቀሪያቸውም ላልቷል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ጠመንጃ ሠሪ ይመረምራቸዋል፣ የአፈሙዙ ትክክለኛ ስፋትም በበርሜሉ ውስጥ በሚገፋ ለስላሳ የእርሳስ ብረት ይለካል። ጭስ አልባው ዘመናዊ ባሩድ የሚፈጥረው ግፊት ለጥቁር ባሩድ የተሠራውን ብረት ሊሰነጥቅ ስለሚችል፣ አዋቂ ተኳሾች ከጥቁሩ አይወጡም። ለስናድር የሚሆን ቀለህ ባለ 24 ጌጅ (ጌጅ የአደን ጠመንጃ አፈሙዝ ስፋት መለኪያ ነው) የናስ የአደን ጠመንጃ ቀለህ እየተቆረጠ ይዘጋጃል፤ አረሩም ቤት ውስጥ ከቀለጠ እርሳስ ይሠራል። የጥቁር ባሩድ ጥላሸት እርጥበት ስቦ ብረቱን ስለሚያዝግ በርሜሉ በዚያው ቀን በውኃ ይታጠባል፣ ደርቆም ዘይት ይቀባል።

በአገር ቤት ግን የጦር መሣሪያ ጉዳይ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚመራ ስለሆነ፣ የአያቱን ውጅግራ የወረሰ ሰው አስቀድሞ ፈቃድ ሰጪውን አካል መጠየቅ ይኖርበታል። ፎቶግራፉን፣ በብረቱ ላይ የተመታውን ቁጥርና ማን ከማን እንደወረሰው ጽፎ ማስቀመጥ ግን ማንም ዛሬውኑ ሊጀምረው የሚችል ሥራ ነው። አሜሪካ ከደረሱት ጠመንጃዎች አብዛኞቹ የጎደላቸው ይኸው የባለቤቶቻቸው ስም ነው።