ሪፋክተሪንግ ምንድን ነው? ጨው መቀነስ አይደለም

ሰሞኑን አንዱ «የሊኑክስን የፋይል ሎክ ኮድ ሪፋክተር አድርገውታል፣ ችግሩ ተፈታ» አለኝ። ሊኑክስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው፤ የፋይል ሎክ ደግሞ ፕሮግራሞች አንድ ፋይል ላይ እንዳይጋጩ የሚያደርግ ቁልፍ። የትኛው ችግር? ሪፋክተር ብቻ ከሆነ የተደረገው፣ ችግሩ እዚያው አለ። መኖርም አለበት።

ሪፋክተር ማድረግ የኮዱን የውስጥ አደረጃጀት መቀየር ነው፤ የሚሠራው ሥራ ግን አይቀየርም። ነገሩ ጓዳ እንደማስተካከል ነው። እንግዳው ሳሎን ተቀምጦ እየበላ ነው። እናንተ ጓዳ ገብታችሁ ዕቃ ታዛውራላችሁ። ወጡ ግን የትናንቱ ወጥ ነው። ጨው በዝቶበት ከነበረ ዛሬም ይብዛበት።

የሊኑክስን ጨው ላሳያችሁ። ፕሮግራማችሁ አንድ ፋይል ከፍቶ በፖዚክስ ሎክ ይቆልፈዋል (ፖዚክስ ዩኒክስ መሰል ሲስተሞች የሚጋሩት ደንብ ነው)። እዚያው ፕሮግራም ውስጥ ያለ ላይብረሪ (ሌላ ሰው ጽፎት የምትጠቀሙበት ኮድ) ያንኑ ፋይል ይከፍትና ሁለት መስመር አንብቦ ይዘጋዋል። በቃ፣ ሎካችሁ ተለቀቀ። ማስጠንቀቂያ የለ፣ ኤረር የለ። ያስጠላል፤ ግን ፖዚክስ የሚለው እንደዚያ ነው። በ2014 (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) ከርነል (የሊኑክስ እምብርት) 3.15 ላይ መላ ሲመጣ እንኳ አሮጌውን አልነኩትም፤ ኦኤፍዲ የሚባል፣ ፋይሉ በሌላ በኩል ተከፍቶ ቢዘጋ የማይለቀቅ ሌላ ሎክ ጨመሩ። ይሄ አዲስ ወጥ መሥራት ነው። በ2021 አስገዳጁን ሎክ (ሎክ ያልጠየቀውንም ፕሮግራም የሚከለክለውን) ከ5.15 ሲያወጡትም ከሜኑ ሰረዙት እንጂ ሪፋክተር አላደረጉትም።

የጓዳው ሥራ የመጣው በ2024፣ 6.9 ላይ ነው። እስከዚያ ድረስ ሎክም ሊዝም በአንድ ዓይነት ስትራክት (መረጃ በሚደራጅበት ቅርጽ) ነበር የሚቀመጡት። ሊዝ ማለት ሌላ ሰው ፋይሉን ሊከፍት ሲል ለያዘው የሚነግር ነው፤ ከሎክ ጋር የሚጋራው ነገር አለ፣ ግን ሌላ ነገር ነው። ሽሮና በርበሬ በአንድ ዓይነት ጣሳ አስቡ፤ ክዳኑን ካልከፈታችሁ አትለዩም። የከርነል ፕሮግራመሩ ጄፍ ሌይተን የጋራውን ለብቻው አወጣና ጣሳዎቹን ለየ። ደስ የሚለኝ አካሄዱ ነው። መጀመሪያ የድሮዎቹን ስሞች በጊዜያዊ ማክሮ (አንዱን ስም በሌላ በሚተካ አቋራጭ) አቆያቸው፤ ፋይል ሲስተሞቹን አንድ በአንድ ወደ አዲሱ አዛወረ፤ መጨረሻ ላይ ማክሮዎቹን ነቀለ። የድሮውን ጽሑፍ ጣሳው ላይ ለጥፎ ማቆየት በሉት።

አንድ ነገር ግን፦ «ምንም አልተቀየረም» የምንለው ሳሎን ላለው እንግዳ፣ ለተራው ፕሮግራም ነው። ጓዳ ውስጥ ያሉት ኤንኤፍኤስና ሴፍ የሚባሉት ፋይል ሲስተሞች ግን ኮዳቸው ተነካክቷል። ከከርነሉ ዛፍ (ከዋናው ኮድ) ውጭ እነዚህን ስትራክቶች የሚነካ ሞጁል ካላችሁ ደግሞ 6.9 ላይ ኮምፓይል አያደርግላችሁም። ለእናንተ ማንም ቃል አልገባም።

ያ ልጅ ሎኩ ዝም ብሎ እየጠፋበት ከሆነ፣ ከርነል ማሻሻሉን ይተውና ኦኤፍዲን ይሞክር።