«የመጀመሪያው ጄታችን 707 ነበር» ለምትሉ ሁሉ

የኢትዮጵያ አየር መንገድን የድሮ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ያየ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ይላል። «የመጀመሪያው ጄታችን፣ ቦይንግ 707!» የአውሮፕላን ጥገና ሳስተምር በየዓመቱ ከተማሪዎቼ እሰማዋለሁ። ባለፈው ደግሞ አንድ ኤግዚቢሽን ላይ በትልቁ ተጽፎ አየሁት። አስጎብኚዋን ጠርቼ 720ቢ እንጂ 707 እንዳልነበረ ነገርኳት። «ጋሼ፣ ያው አንድ አይደሉም እንዴ?» አለችኝ።

አንድ አይደሉም። በፈረንጆቹ 1962 መጨረሻ የመጡት ሁለት ጄቶች ቦይንግ 720ቢ ናቸው። ጥር 1955 ዓ.ም. ሥራ ጀመሩ። መጀመሪያ ወደ ናይሮቢ፣ ወዲያው ደግሞ በአሥመራና በአቴንስ በኩል ወደ ማድሪድ በረሩ። 707 የመጣው በፈረንጆቹ 1968 ነው።

«በአፍሪካ ጄት ያበረርነው እኛ ነን መጀመሪያ» የሚሉም አሉ። አይደለም። ኢስት አፍሪካን ኤርዌይስ በፈረንጆቹ 1960 ኮሜት የሚባል ጄት ነበረው። በቦይንግ 787 ግን ቀዳሚዎቹ እኛ ነን።

«720 ማለት ወገቡ የተቆረጠ 707 ነው።» እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄኛው ነው። እርግጥ ከመጀመሪያው የ707 ዓይነት፣ ከ707-120፣ በ2.5 ሜትር ገደማ ያጥራል። ርዝመቱ ግን ከለውጦቹ አንዱ ብቻ ነው። መሐንዲሶቹ አካሉን አቀለሉት። የሚይዘውን ነዳጅ ቀነሱ። ክንፉንም ነኩት፤ ዋናው ነገር ይሄ ነው። በአካሉና በውስጠኛው ሞተር መካከል ያለውን የክንፍ የፊት ጠርዝ ወደ ፊት አወጡት። በዚያ በኩል ክንፉ ቀጠን አለ፣ አውሮፕላኑም በፍጥነት ሲበር የአየሩ ጉተታ ቀነሰለት። የፊት ጠርዙ ላይ ደግሞ ተጨማሪ ፍላፕ (የሚዘረጋ የክንፍ ክፍል) ገጠሙ። ሲነሳና ሲያርፍ ክንፉ በዝግታም ቢሆን አውሮፕላኑን ይሸከማል። ለውጡ በጣም ስለሠራ በኋላ ለ707-120ቢ ተወሰደ። ታናሹ ለታላቁ አተረፈለት ማለት ነው። የተቆረጠ ነገር እንዲህ ያደርጋል?

«አጭር ስለሆነ ደካማ ነው» ለሚሉም መልስ አለኝ። ጃንዋሪ 1962 የፓኪስታን አየር መንገድ 720ቢ ከለንደን ካራቺ በ6 ሰዓት ከ43 ደቂቃ ደርሶ ክብረ ወሰን ይዟል። አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 938 ኪሎ ሜትር ነበር።

አሁን የእኛን አገር አስቡት። ቦሌ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። አሥመራም እንደዚያው። አየሩ ስስ ነው። ሞተሩ ጉልበት ያጣል፣ ክንፉም የሚደገፍበት አየር ያንሰዋል፣ አውሮፕላኑ ረጅም ማኮብኮቢያ ይፈልጋል። የድሮው የልደታ አውሮፕላን ማረፊያ ለጄት አልበቃ ብሎ ቦሌ የተሠራው ለዚህ ነው። እንዲህ ላለ ቦታ ቀላል አካል፣ በአጭር ርቀት የሚያነሳ ክንፍና ቱርቦፋን (ፊቱ ላይ ትልቅ ማራገቢያ ያለው) ሞተር ትልቅ ነገር ነው። «ቢ» የምትለው ፊደልም ቱርቦፋኑን ነው የምታመለክተው፤ ከቀድሞው ሞተር የበለጠ ይገፋል፣ ነዳጅም ይቆጥባል። ተማሪዎቼን ይህችን ፊደል እንዳይዘሏት ሁሌ አስጠነቅቃለሁ።

«ቁጥሩ ከ707 ስለሚበልጥ አውሮፕላኑም ይበልጣል።» አይበልጥም። መጀመሪያ 707-020 ነበር የሚባለው። ስሙ የተለወጠው የአሜሪካው ዩናይትድ አየር መንገድ ስለጠየቀ ነው።

«የፊልም ተዋናዩ የጆን ትራቮልታ አውሮፕላን 720 ነው።» 707-138ቢ ነው። ለአውስትራሊያው ካንታስ አየር መንገድ የተሠራ አጭር 707 ነው፤ እንዲያውም ከ720 ያጥራል።

«ወዲያው ከሰማይ ጠፋ።» የተሠሩት 154 ብቻ ናቸው፣ ይህ እውነት ነው። የመጨረሻው ግን በካናዳ አዳዲስ ሞተሮች ይሞከሩበት ነበር፤ ለመጨረሻ ጊዜ የበረረውም በፈረንጆቹ 2012 ነው።

ቤታችሁ ፎቶ ካለ እንዲህ አድርጉ። መጀመሪያ ዓመቱን እዩ፤ ባለ አራት ሞተር የአየር መንገዳችን ጄት ከሆነና ፎቶው በፈረንጆቹ ከ1968 በፊት ከተነሳ 720ቢ ነው። ቀጥሎ ጭራው አካባቢ ያለውን ምዝገባ አንብቡ። ኢቲ-ኤኤጂ ወይም ኢቲ-ኤኤኤች ካለ እነዚያ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ናቸው። ሙሉ ስማቸው 720-060ቢ ነው። 60 ቦይንግ ለእኛ አየር መንገድ የሰጠው ቁጥር ነው፤ 777-260 ላይም ታገኙታላችሁ። ያነበባችሁትን ፎቶው ጀርባ ላይ በእርሳስ ጻፉት። እስክሪብቶ አትጠቀሙ፣ ቀለሙ ወደ ፊት ያልፋል።