የወፍ በሽታን መንስኤ በምስል መለየት፦ ደሴና አካባቢዋ

ወሎ ውስጥ ዓይኑ ቢጫ ለሆነ ሰው ሕመም የሚሰጠው ስም አንድ ነው፦ የወፍ በሽታ። የሌሊት ወፍ ያመጣችው ነው የሚል አለ፤ ሰንሰል ጨምቆ የሚያጠጣም አይጠፋም። በሕክምና ግን ቢጫነት ምልክት እንጂ ራሱን የቻለ በሽታ አይደለም። ቢሊሩቢን የተባለው ቀለም በደም ውስጥ ሲጠራቀም ይመጣል፤ መጠኑ በዴሲሊትር ወደ 3 ሚሊ ግራም ሲጠጋ የዓይን ነጩ ክፍል ያሳብቃል።

የምስል ምርመራ በቅድሚያ የሚጠየቀው ቢሊሩቢንን ከጉበት ወደ አንጀት የሚያወርደው የሐሞት ቱቦ ተዘግቶ እንደሆነ ነው። ለዚህ ጨረር የሌለውና ዋጋው ቀለል ያለው አልትራሳውንድ ይቀድማል። ታማሚው ከ6 እስከ 8 ሰዓት ሳይበላ መምጣት አለበት፤ ከበላ የሐሞት ከረጢቱ ይኮማተራል። በሌሊት ከወረባቦ ተነስቶ መንገድ ላይ ቁርስ የቀመሰ ሰው ደሴ ማደሩ ነው።

ዋናው ቱቦ በጤነኛ አዋቂ ባብዛኛው ከ6 ሚሊ ሜትር አይሰፋም። ከሰፋ የዘጋው ነገር ይፈለጋል፦ ጠጠር፣ የቆሽት ዕጢ፣ አንዳንዴም ከአንጀት ሽቅብ የወጣ ወስፋት። ወስፋቱ ሕያው ከሆነ ስክሪኑ ላይ ሲላወስ ይታያል። ቱቦው ካልሰፋ ጥርጣሬው ወደ ጉበት ይዞራል፤ እዚህ ላይ ምስሉ ዝምተኛ ነው። በሄፓታይተስ የተጠቃ ጉበት ጤነኛ መስሎ ሊታይ ስለሚችል የሚለየው የደም ምርመራ ነው። ከኮምቦልቻ ቁልቁል ቆላ ወርዶ የተመለሰ ሰው ደግሞ ለወባም መመርመር አለበት፤ ወባ ቀይ የደም ሴሎችን እያፈረሰች ዓይን ታቢጫለች።

አልትራሳውንድ ከረጢት ውስጥ ያለ ጠጠር እምብዛም አያመልጠውም። ቱቦ ውስጥ የተቀረቀረውን ግን የአንጀት አየር ስለሚጋርደው ብዙ ጊዜ ያልፈዋል። ያኔ ዕጢ ከተጠረጠረ ሲቲ ስካን፣ ቱቦዎቹን አጥርቶ ለማየት ኤምአርሲፒ የተባለው የኤምአርአይ ምርመራ ይታዘዛል።

የደሴ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ከደቡብ ወሎ አልፎ ከአጎራባች ዞኖችና ከአፋር ታማሚ ይቀበላል። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ የሕክምና መሣሪያዎቹ ተዘርፈውና ወድመው ነበር፤ የምስል ምርመራ ደግሞ መሣሪያው ከሌለ ባለሙያው ብቻውን የማይሠራው ሥራ ነው።

ጠጠሩን በአፍ በሚገባ ቱቦ የማውጣቱ ሕክምና፣ ኢአርሲፒ፣ በአገራችን ባብዛኛው የሚገኘው 400 ኪሎ ሜትር ርቃ ባለችው አዲስ አበባ ነው። የሚላክ ታማሚ ከውጤቱ ወረቀት ጋር ፊልሙንም ይያዝ። በቢጫነቱ ላይ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከተደረበ ግን የቱቦ ኢንፌክሽን ስለሚያሰጋ አንቲባዮቲኩ እዚያው ደሴ ይጀመራል፤ ጉዞው ከዚያ በኋላ ነው።