«ድሬ የነዳ የትም ይነዳል»፦ ውጭ አገር ሞተር ለመንዳት ስለሚጠየቀው ፈቃድ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ለእረፍት ድሬዳዋ በመጣሁ ቁጥር ከዚራ፣ ዛፍ ጥላ ሥር ጀበና ቡና የምጠጣበት ቦታ አለኝ። የምኖረው ጀርመን ነው። ሞተር መንዳት የጀመርኩት ግን እዚሁ፣ ሳቢያን ሰፈር ነው። ይህን የሚያውቁ የሰፈር ልጆች መጥተው አጠገቤ ይቀመጣሉ። አንዱ የትምህርት ዕድል አግኝቷል። አንዷ ባሏ ጋ ለመሄድ ቪዛ እየጠበቀች ነው። ሌላው ለሥራ ሊወጣ ነው። ትንሽ ከተጫወትን በኋላ ጥያቄው ይመጣል፦ «ጋሼ፣ እዚያ ሞተር መንዳት ይቻላል?»

ይቻላል። ነገር ግን ከጥያቄው ጋር ብዙ የተሳሳተ ወሬ ይመጣል። እኔም ከእነዚህ ወሬዎች አንዱን አምኜ ሄጄ ዋጋ ከፍያለሁ። ማንም እንዲደገምበት ስለማልፈልግ የምሰማቸውን አንድ በአንድ ላንሳ። በደንብ የማውቀው የጀርመኑን ነው። የእንግሊዝንና የአሜሪካንም እግረ መንገዴን እነካለሁ።

«ኢንተርናሽናል ካወጣሁ የትም እነዳለሁ»

ከሁሉም በላይ የምሰማው ይህን ነው። ሰው ኢንተርናሽናል የሚለው ደብተር ግን ራሱን የቻለ መንጃ ፈቃድ አይደለም። በእጃችሁ ያለው ፈቃድ ትርጉም ነው። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1949 ጄኔቫ እና በ1968 ቪየና ላይ የተፈረሙት ሁለት የመንገድ ትራፊክ ስምምነቶች ናቸው። በ1949ኙ መሠረት የሚሰጠው የሚያገለግለው አንድ ዓመት ነው። የ1968ቱ ቢበዛ ሦስት ዓመት ያገለግላል፤ ዋናው ፈቃድ ቀድሞ ካለቀ አብሮት ያልቃል። ዋናውን ፈቃድ ድሬዳዋ ትቶ ደብተሩን ብቻ ይዞ የሚሄድ ሰው ፈቃድ የለውም ማለት ነው።

ደብተሩ ውስጥ ለየተሽከርካሪው ዓይነት የሚመታ ማህተም አለ። ሞተር ምድብ ኤ ነው፣ የቤት መኪና ምድብ ቢ። ዋናው ፈቃዳችሁ የመኪና ብቻ ከሆነ ኤ ላይ ማህተም አያርፍም። እናንተ ጋ የሌለውን ደብተሩ ከየት ያምጣው?

በዚያ ላይ ደብተሩ የተሠራው ለጎብኚ ነው። መኖሪያ ከያዛችሁ በኋላ የምትገዙት በምትኖሩበት አገር ሕግ ነው። ባለፈው አንድ ልጅ ስልኩን አውጥቶ «በሦስት ቀን ቤትህ ድረስ» የሚል ማስታወቂያ አሳየኝ። ኢንተርናሽናሉን የሚያወጣው ዋናውን ፈቃድ በሰጠው አገር ሥልጣን የተሰጠው አካል ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ የሕግ ዋጋ የሌለው ካርድ ነው። እባክህ ገንዘብህን አትክፈል ብዬ ለመንኩት።

«የመኪና አለኝ፤ ሞተር ከመኪና ያንሳል»

ያንሳል የሚለው ስለ መጠኑ እውነት ነው። ፈቃዱ ግን በመጠን አይሄድም። ጀርመን ውስጥ የመኪና ፈቃድ የሚያስነዳችሁ በሰዓት ከ45 ኪሎ ሜትር የማይበልጡትን ባለ 50 ሲሲ ትንንሾች ነው። ዕድሜው 25 የሞላ፣ የመኪና ፈቃድ ከያዘም አምስት ዓመት የሆነው ሰው ስልጠና ወስዶ ባለ 125 ሲሲ መንዳት ይፈቀድለታል፤ ያም በጀርመን ድንበር ውስጥ ብቻ። ጣሊያን የመኪና ፈቃድ ላለው ባለ 125 ይፈቅዳል፤ እሱም ከጣሊያን ሲወጣ ይቀራል። አሜሪካ ሕጉ በየስቴቱ ይለያያል፣ ነገር ግን ለሞተር ፈቃዱ ላይ ኤም የሚል ፊደል ያስፈልጋል። ብዙ ስቴቶች እውቅና ያለው የሞተር ኮርስ ከጨረሳችሁ የመንዳት ፈተናውን ይተዉላችኋል።

ባጃጅ ለሚነዱ ወንድሞቼም አንድ ነገር ልበል። የባጃጅ መሪ ከሞተር ጋር ይመሳሰላል፣ ልምዱም ልምድ ነው። ውጭ አገር የመንጃ ፈቃድ ቢሮ ያለው ጸሐፊ የሚያየው ግን ፈቃዳችሁ ላይ የተጻፈውን ምድብ ነው።

ስለዚህ ከመውጣታችሁ በፊት የሞተር ምድብ እዚሁ አውጡ። ይህን የምለው ለወጉ አይደለም፤ በገንዘብ የሚታይ ልዩነት አለው። ጀርመን ውስጥ የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ እንዲሁ አይቀየርም። የጽሑፉንም የመንዳቱንም ፈተና ትወስዳላችሁ። ነገር ግን የሞተር ምድብ ይዞ የመጣ ሰው የግዴታ የስልጠና ሰዓቶቹን እንዲጨርስ አይገደድም። የሚፈልገውን ያህል ብቻ ተለማምዶ ይፈተናል። ምድቡ የሌለው እንደ ጀማሪ ሙሉውን ይማራል፣ ሙሉውን ይከፍላል። እዚህ መልፋት እዚያ ብዙ ገንዘብ ያድናል።

«አንድ ዓመት ጊዜ አለኝ»

እኔን የጎዳኝ ይህ ነው። ጓደኛዬ እንግሊዝ ይኖራል። ጀርመን እንደገባሁ ደውዬ ስጠይቀው «አይዞህ፣ አንድ ዓመት አለህ» አለኝ። አልዋሸኝም፤ እንግሊዝ ውስጥ እንደ እኛ ካለ አገር ፈቃድ ይዞ የመጣ ሰው ነዋሪ ከሆነበት ቀን ጀምሮ 12 ወር መንዳት ይችላል። ከዚያ በኋላ የልምምድ ፈቃድ አውጥቶ ይፈተናል። ጀርመን ግን የሚሰጠው ስድስት ወር ነው። ቆይታዬ በጠቅላላው ከአንድ ዓመት አይበልጥም ብሎ ማሳመን የሚችል ሰው ብቻ ነው ማስረዘሚያ የሚያገኘው። ቆጠራው የሚጀምረውም መኖሪያችሁን እዚያ ካደረጋችሁበት ቀን ነው። ሞተር ከገዛችሁበት ቀን የሚጀምር የሚመስለው ብዙ ሰው አለ።

በስምንተኛው ወር ፖሊስ አስቆመኝ። የድሬ ፈቃዴን በኩራት ሰጠሁት። አየውና መኖሪያ የያዝኩበትን ቀን ጠየቀኝ። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። እዚያ ያለ ፈቃድ መንዳት እንደ ተራ የትራፊክ ጥፋት አይታይም፤ እስከ አንድ ዓመት እስር ወይም የገንዘብ መቀጮ የሚያስከትል ወንጀል ነው። በመቀጮ አለፈልኝ። ለመኖሪያ ፈቃድ እድሳት የሚጨነቅ ስደተኛ ስሙ ከወንጀል ጋር ሲነሳ ምን እንደሚሰማው ያየ ያውቀዋል። ስንት ሌሊት እንቅልፍ አጥቻለሁ።

«ስድስት ወሩ ካለፈ ከዜሮ እጀምራለሁ»

ይህ ደግሞ የተቃራኒው ስህተት ነው፤ ብዙዎች በዚህ ተስፋ ይቆርጣሉ። ስድስት ወሩ ሲያልፍ የሚቆመው መንዳታችሁ ነው። የድሬው ፈቃድ ጊዜው ካላለፈ ከዚያም በኋላ ማመልከት ትችላላችሁ፤ ከስልጠና ሰዓቱ ነፃ መሆናችሁም አይቀርም። የዓይን ምርመራና የመጀመሪያ እርዳታ ኮርስ ይጠየቃል። ፈተናውን አልፋችሁ አዲሱን ስትቀበሉ የድሮውን ታስረክባላችሁ። ስለዚህ ፈቃዳችሁን ሳታሳድሱ ከአገር አትውጡ።

«ለእረፍት ስመጣ ድሬ ላይ አወጣዋለሁ»

ይህን የሚሉኝ ጀርመን ከገቡ በኋላ የነቁት ናቸው። «እዚያ ውድ ነው፤ ክረምት ላይ መጥቼ ሞተር አስጨምሬ እመለሳለሁ።» አሳቡ ብልህ ይመስላል። የጀርመን ሕግ ግን ይህን አስቀድሞ ዘግቶታል። ፈቃዱ በተሰጠበት ቀን መደበኛ መኖሪያችሁ ጀርመን ከነበረ ያ ፈቃድ እዚያ አያስነዳም። ጸሐፊው ፈቃዱ የወጣበትን ቀን ከመኖሪያ ምዝገባችሁ ጋር ያስተያየዋል። ቀኑ ራሱ ይናገራል። አንዲት እህት በዚህ መንገድ የእረፍት ጊዜዋንም ገንዘቧንም አጥታ ስታለቅስ አይቻለሁ። ቀድሞ የነገራት ሰው አልነበረም።

«አንዴ የሞተር ምድብ ካለኝ ትልቁንም ትንሹንም እነዳለሁ»

አውሮፓ ውስጥ ሞተር ራሱ በደረጃ ተከፍሏል። ጀርመን ኤ1 ከ16 ዓመት ጀምሮ ነው፤ እስከ 125 ሲሲ እና 11 ኪሎ ዋት። ኤ2 ከ18 ዓመት፣ እስከ 35 ኪሎ ዋት። ገደብ የሌለውን ኤ በቀጥታ ለማግኘት 24 ዓመት መሙላት አለበት። በኤ2 ሁለት ዓመት የቆየ ደግሞ በ20 ዓመቱ ይደርስበታል። እንግሊዝም ተመሳሳይ ደረጃ አለ፣ ዕድሜው ግን 17፣ 19 እና 24 ነው። እንግሊዝ የአንድ ቀን ስልጠና ወስዶ የሚገኝ ወረቀት አለ፤ ሰው መንጃ ፈቃድ ይመስለዋል። የሚያገለግለው ሁለት ዓመት ነው። የተማሪ ምልክት ለጥፋችሁ ባለ 125 ሲሲ ትነዳላችሁ፤ ከኋላ ሰው መጫን የለም፣ ፈጣን መንገድ መግባት የለም።

የኤሌክትሪክ ሞተርም ድምፅ ስለሌለው ነፃ አይደለም። ሲሲ ባይኖረውም ኪሎ ዋት አለው።

«ቋንቋ ካልቻልኩ አላልፍም»

ጀርመን የጽሑፍ ፈተናው ከጀርመንኛ ሌላ በ12 ቋንቋዎች ይሰጣል። አማርኛ የለበትም። እንግሊዝኛና አረብኛ ግን አሉ። ይህ ለድሬና ለሐረር ልጅ ትልቅ ነገር ነው፤ ስንታችን ነን አረብኛ እየሰማን ያደግን! አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፦ ፈተናው በፉስሃ፣ ማለትም በመደበኛው የጽሑፍ አረብኛ ነው። መጋላ ገበያ ላይ የምንነጋገርበት አረብኛ አይበቃም፤ ቁርኣን ቤት የተማረ ሰው ይቀናዋል። እንግሊዝ ከእ.ኤ.አ. 2014 ወዲህ የትርጉም አገልግሎቱን አስቀርቷል፤ ፈተናው በእንግሊዝኛ ወይም በዌልስኛ ብቻ ነው።

«ድሬ የነዳ የትም ይነዳል»

የደንገጎን ዳገት በሞተር ወጥቶ ሐረር የገባ ሰው መንዳት አያውቅም የሚለኝ ካለ እከራከረዋለሁ። ጠመዝማዛው አለ፣ ገደሉ አለ፣ ከፊት እየበረረ የሚመጣ ጫት የጫነ አይሱዙ አለ። ያ ልምድ ሚዛን ይሰጣል፣ ዓይን ይከፍታል። ፈታኙ የሚለካው ግን ሌላ ነገር ነው።

ጀርመን የሞተር የመንዳት ፈተና 70 ደቂቃ ነው። ፈታኙና አሰልጣኙ በመኪና ይከተሏችኋል፤ ትእዛዙ በሬዲዮ ጆሯችሁ ይገባል። በእግረኛ ፍጥነት ሳትወላገዱ ትነዳላችሁ። ከ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በድንገት ትቆማላችሁ። እንቅፋት ሸሽታችሁ ወደ መስመራችሁ ትመለሳላችሁ። ምልክት በሌለበት መስቀለኛ ከቀኝ የሚመጣው ቀዳሚ ነው፤ ጥሩምባ የነፋው አያልፍም። መስመር ከመቀየራችሁ በፊት ስፖኪዮ አይታችሁ፣ ከዚያ አንገታችሁን አዙራችሁ ታያላችሁ። እኔ የመጀመሪያውን ፈተና የወደቅኩት አንገቴን ባለማዞሬ ነው። ማንም አልተጎዳም፣ ምንም አልነካሁም፤ ግን ወደቅኩ። ትክክልም ነበሩ።

ሌላም አለ። አውቶማቲክ ስኩተር ላይ ከተፈተናችሁ የሚሰጣችሁ የአውቶማቲክ ብቻ ነው። ፍሪሲዮንና ማርሽ ያለውን እዚሁ ተለማመዱ። እኛ ከእ.ኤ.አ. 1964 ጀምሮ በቀኝ ነው የምንነዳው፤ ጀርመንና ጣሊያን አይቸግሩም። እንግሊዝ ወይም ኬንያ የሚሄድ ግን በግራ ይነዳል።

«ቢይዙኝም ከፍዬ እሄዳለሁ»

ስለ ወንጀሉ ተናግሬያለሁ። አደጋ ሲደርስ ደግሞ ይብሳል። ጀርመን ያለ ፈቃድ የነዳ ሰው ሌላ ሰው ቢጎዳ፣ ኢንሹራንሱ ለተጎጂው ይከፍልና ከነጂው እስከ 5,000 ዩሮ መልሶ ሊጠይቅ ይችላል። የጉዞ ኢንሹራንስ የያዘ ጎብኚም ምድቡ ሳይኖረው ሞተር ላይ ከወደቀ ብዙውን ጊዜ የሕክምናውን ወጪ ራሱ ይሸከማል።

«ወረቀቴን አይተው ይረዱታል»

የእኛን ፊደል አያነቡም፤ የታወቀ ትርጉም ይጠይቃሉ። ከሁሉ በላይ ቀኑን ተጠንቀቁ። የማብቂያው ቀን በእኛ አቆጣጠር ከተጻፈ ተርጓሚው ወደ ፈረንጁ ይለውጠው። በእኛ «2019» የሚል ፈቃድ ገና ጊዜ አለው፤ ለፈረንጅ ጸሐፊ ግን ያኔ ድሮ አልቋል። የስም አጻጻፋችሁም ከፓስፖርቱ ጋር አንድ ይሁን። አንድ ፊደል ሲለያይ ሰውየው ሌላ ሰው ይሆናል፤ ማስተካከሉም ከሩቅ ሆኖ ወራት ይፈጃል።

ቪዛ የምትጠብቀው ልጅ የሞተር ምድብ ልታስጨምር ተመዝግባለች። ሙቀቱ ሳይበረታ በማለዳ ነው የምትለማመደው። ፈተና ላይ ሄልሜት፣ ጓንት፣ የሞተር ጃኬት፣ የጀርባ መከላከያና ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማ ግዴታ መሆኑን ስነግራት፣ በድሬ ሙቀት ይህን ሁሉ ለብሳ መለማመድ እንደምትፈልግ ነገረችኝ። ትናንት ቡናው ጋ አዲስ ሄልሜት ይዛ መጣች። ገልብጣ ማሰሪያው ላይ የተሰፋውን ጨርቅ አሳየችኝ፤ በክብ ውስጥ ኢ የሚል ፊደል፣ ከጎኑ ቁጥር። አውሮፓ የሚያውቀው ምልክት እሱ ነው።