በመንገድም ስትሄድ ተጫወተው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ሰባኪ ስለ ኳስ ማውራት ከጀመረ ወዴት እንደሚወስዳችሁ ታውቃላችሁ፤ ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ስለ እሽቅድምድም ወደ ጻፈው። መልካም ቃል ነው። የአባቴ ሙት ዓመት ሲቃረብ በእኔ ልብ የሚመላለሰው ግን ሌላ ነው፤ ኦሪት ዘዳግም 6፥7። «ለልጆችህም አስተምረው፥ በቤትህም ስትቀመጥ፥ በመንገድም ስትሄድ፥ ስትተኛም፥ ስትነሣም ተጫወተው።»

«ተጫወተው» የምትለዋን ልብ በሉልኝ። በእኛ ቋንቋ ጨዋታ ኳስም ነው፣ ወግም ነው። ልጅ ሳለን «ና እንጫወት» ሲሉን የጨርቅ ኳስ ይዘን እንወጣለን፤ ካደግን በኋላ ሲሉን ወንበር ስበን እንቀመጣለን። ሙሴ ሕጉን ለልጆች እንድናስተምር ካዘዘ በኋላ በዚያ አላቆመም። ቃሉ ከወግ ጋር፣ ከመንገድ ጋር፣ ከመኝታና ከመነሣት ጋር እንዲገባ አዘዘ። ቤተ ክርስቲያን የምታስተምርበት ዐውደ ምሕረት አላት፤ አባት ያለው መንገድ ነው።

አባቴ አናጢ ነበር። ስብከት የሚባል አያውቅም፤ ሰው ፊት ቆሞ ሁለት ዐረፍተ ነገር መናገር ያስጨንቀው ነበር። እሑድ ጠዋት እዚህ ሀዋሳ ገብርኤል አስቀድሰን ቤት እንገባለን፤ ምሳ በልተን፣ ሀዋሳ ከተማ ጨዋታ ካለው፣ ትንሿን ሬዲዮኑን ኪሱ ከትቶ በእግራችን ወደ ሜዳ እንሄዳለን። (እሱ እስከ መጨረሻው «አዋሳ» እንዳለ ነው።) ስንመለስ ስለ ጨዋታው እያወራን፣ ሁለተኛውን ጎል ማን እንዳቀበለ እየተከራከርን፣ በዚያው ድምፁ «ለመሆኑ ዛሬ የተነበበው ወንጌል ምን ነበር?» ይለኛል። ስሳሳት ያርመኛል። ከዚያ ወደ ጎሉ እንመለሳለን። ልጅ ሆኜ ይህ ትምህርት መሆኑን አላውቅም ነበር፤ እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም።

በ1996 ሀዋሳ ከተማ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ አነሣ። ሊጉ በዚህ መልክ ከተጀመረ ወዲህ ዋንጫው ከአዲስ አበባ ክለቦች እጅ ሲወጣ የመጀመሪያው ነበር፤ በ1999 ደግሞ ተደገመ። በዚያ ምሽት ከተማው በጥሩንባ ሲናወጥ እኔ መኪና ላይ ተንጠልጥዬ መዞር እፈልጋለሁ፤ አባዬ እጄን ይዞ ወደ ቤተ ክርስቲያን አጥር ወሰደኝ። ሦስት ጊዜ ሰገደ። እኔ ከንፈሬን ጥዬ፣ የሚያመልጠኝን ጩኸት እያዳመጥኩ ጠበቅሁት። ቅዱስ ሰው አድርጌ ልስልላችሁ ፈልጌ አይደለም። አንድ ቀን ራሱ ዳኛውን አፉን ሞልቶ ሰደበ፤ እኔን ዳኛ አትስደብ እያለ ያሳደገኝ ሰውዬ! መንገዱን ሙሉ ዝም ብሎ ሄደ። በኋላ ለንስሐ አባቱ ነግሮ መጥቶ፣ «ስግደቱንስ እሰግዳለሁ፤ ሰውየውን የት አግኝቼ ይቅርታ ልበለው?» አለኝ። ስለ ንስሐ ከዚያ በኋላ ብዙ ትምህርት ሰምቻለሁ፤ ያችን ጥያቄ ያህል የገባኝ የለም።

በጣም የሚወደው ወግ የ1954ቱ ነበር። ጥር 13 ቀን፣ እሑድ፤ ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ በአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ግብፅን 4 ለ 2 ያሸነፈችበት። አባዬ ያኔ ተማሪ ነበር፤ ሰኞ ጠዋት አስተማሪያቸው ውጤቱን በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ጽፎ ጠበቃቸው። የእኛዎቹ ሁለት ጊዜ ተመርተው ሁለቴም አቻ መሆናቸውን፣ በጭማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ ማግባታቸውን፣ አምበሉ ሉቺያኖና ኢታሎ ወንድማማቾች መሆናቸውን አንድ በአንድ ይቆጥራል። ዛሬም የምናነበው የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ታትሞ የወጣው በዚያው ዓመት ነው፤ እናም አባዬ እንዲህ ይላል፦ «በ54 ሁለት ነገር አገኘን። ዋንጫውን በ56 ጋና ወሰደው። መጽሐፉ ይኸው እቤት አለ።» እንግዳ በመጣ ቁጥር ይደግማታል፤ እኛ ሰልችቶን እንተያያለን። ዛሬ ያቺን ንግግር ለመስማት ስንት እከፍል ነበር።

አሁን የሚያሳፍረኝን ልናገር። በ2005 ዋልያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመለሱ። የመጀመሪያው ጨዋታ ከዛምቢያ ጋር ነበር፤ ዛምቢያ የዋንጫው ባለቤት ናት። እኔ ጎረምሳ ሆኛለሁ፣ ከአባቴ ጋር መቀመጥ ትቼ ከጓደኞቼ ጋር ዲኤስቲቪ ቤት ነኝ። ፍጹም ቅጣት ምት ሳትን። በረኛችን በቀይ ካርድ ወጣ። በ10 ሰው ቀረን፤ ከዕረፍት በፊት ገባብን። ከዕረፍት በኋላ ግን የሀዋሳው ልጅ አዳነ ግርማ አስቆጠረ፤ ቤቱ ተገለበጠ ማለት ይቻላል። በዚያ ጩኸት መሀል ስልኬ ጠራ፣ አባዬ ነበር። «አይሰማኝም፣ ኋላ እደውላለሁ» ብዬ ዘጋሁት። አልደወልኩም።

በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ፣ ሳይቆጣ፣ «የደወልኩት እኮ ቀኑን ልነግርህ ነበር። ጥር 13 ነው» አለኝ። ልክ 51 ዓመት። ከዚያ ትንሽ ሄደን፣ «አንዱ ሲጎድል የእሱን ሩጫ አሥሩ እንዴት እንደተካፈሉት አየህ?» አለ። እኔ ስለ ኳስ የሚያወራ መስሎኝ ነበር።

ካረፈ በኋላ ነው የገባኝ። እናቴ የምትበላውን ማን ይግዛ፣ የአጎቴን ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ ማን ይክፈል፣ ዕድሩ ስብሰባ ማን ይቀመጥ፤ የእሱ ሩጫ ሁሉ ሜዳው ላይ ወድቆ ነበር። ተካፈልነው። ሐዋርያው አንዳችሁ የሌላውን ሸክም ተሸከሙ ሲል እኔ የሚታየኝ ያ 10 ሰው ነው።

ለቅሶው ላይ የሜዳ ጓደኞቹ ድንኳኑ ጥግ ተሰብስበው የድሮ ጨዋታ ሲያወሩ፣ አንዲት እትዬ «ለቅሶ ቤት ኳስ ይወራል?» ብለው ተቆጡ። የንስሐ አባታችን «ተዉአቸው፣ በሚያውቁት ያልቅሱት» አሉ። ቅዱስ ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች የጻፈው «አትዘኑ» ብሎ አይደለም፤ ተስፋ እንደሌላቸው እንዳናዝን ነው። ጌታም አልዓዛርን እንደሚያስነሣው እያወቀ አልቅሷል። ጸሎተ ፍትሐቱ፣ 40ው፣ ሙት ዓመቱ፣ ስሙ በጸሎት መጠራቱ፣ ለነዳያን የሚሰጠው፣ እነዚህ የሚቀሩ አይደሉም፤ ይደረጉ። (ለድግሱ ብድር መግባት ግን ማንም ያላዘዘን ነገር ነው፤ ይህን ሌላ ጊዜ እመለስበታለሁ።)

ከዚህ ሌላ ግን አንድ መታሰቢያ አለ፤ መጽሐፈ ኢያሱ ምዕራፍ 4 ላይ። እስራኤል ዮርዳኖስን ሲሻገሩ 12 ድንጋዮች ከወንዙ ወስደው አቆሙ። ለምን? ልጆቻቸው አይተው «ይህ ምንድር ነው?» ብለው እንዲጠይቁ። ድንጋዩ ድንጋይ ነው። ሥራው ጥያቄ ማስነሣት ነው፤ መልሱ የአባት ድርሻ ነው። እኔ ቤት ያለው ድንጋይ የአባዬ ሬዲዮ ነው። አንቴናው በሽቦ ታስሯል፣ የባትሪው ክዳን ጠፍቷል፣ መደርደሪያው ላይ ከመጽሐፍ ቅዱሱ አጠገብ ተቀምጧል። የስምንት ዓመት ልጄ ስንት ቀን አይታው እንዳለፈች እንጃ። ምክንያቱም እኔ ቅዳሜና እሑድ የእንግሊዝ ክለብ ጨዋታ በስልኬ እያየሁ፣ እሷ አጠገቤ በእናቷ ስልክ ሌላ ነገር እያየች፣ አንድ ሶፋ ላይ ሁለት አገር ሆነን ነው የምንውለው። አባቶች ሆይ፣ ኳሱ አይደለም ጥፋቱ። አባቴም ኳስ ይወድ ነበር፤ እሱ ግን ሲያይም ሲመለስም ከእኔ ጋር ይጫወት ነበር።

ባለፈው እሑድ ልጄን ይዤ ወጣሁ። ከቤታችን ጀርባ ባለው ሜዳ የሰፈር ልጆች ሲጫወቱ ቆመን አየን። ሬዲዮኑን ከየት እንዳመጣችው አላየሁም፣ ባትሪ የለውም፣ ጆሮዋ ላይ ለጥፋዋለች። «ይሄ የማነው?» አለችኝ። ነገርኳት፤ ስለ ሰሌዳው፣ ስለ ጋና፣ ስለ ዳኛው። ስንመለስ አባዬን አባዬን እያለኝ፣ «ለመሆኑ ዛሬ የተነበበው ወንጌል ምን ነበር?» አልኳት።

አሰበች፣ አሰበችና «አንተስ ታስታውሳለህ?» አለችኝ።

አላስታውስም ነበር። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ አንድ ቃል እንኳን።

ሬዲዮኑን ወደ ሌላው ጆሮዋ አዛወረችና፣ «እሺ፣ ጎሉን ማን አገባው?» አለች።